የእንሽርት ውሃ ያለጊዜው መፍሰስ፦ ምልክቶች፣ ምርመራና ሕክምና

የእንሽርት ውሃ በማህፀን ውስጥ ፅንሱን ከብቦ የሚይዝ ፈሳሽ ነው። በብዙ ቦታ ሽርት ውሃ ተብሎም ይጠራል። ፈሳሹ በስስ ከረጢት ውስጥ የሚገኝ ሲሆን ፅንሱን ከግጭት ይጠብቃል፣ እትብቱ እንዳይጨመቅ ያደርጋል፣ የፅንሱ ሳንባ እንዲያድግም ይረዳል። ከረጢቱ ደግሞ በብልት አካባቢ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ፅንሱ እንዳይደርሱ ይከላከላል። በአብዛኛው ከረጢቱ የሚቀደደው ምጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ምጥ ሳይጀምር ከተቀደደና ውሃው መፍሰስ ከጀመረ የእንሽርት ውሃ ያለጊዜው ፈሰሰ ይባላል።

ውሃው ሲፈስ ምንም ሕመም ላይኖር ይችላል። ብዙ እናቶች «ምጡ ሲመጣ እሄዳለሁ» ብለው ቤት የሚቆዩት በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ከረጢቱ ከተቀደደበት ሰዓት ጀምሮ ለኢንፌክሽን በር ይከፈታል፤ ጊዜው በረዘመ ቁጥርም አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ የምጥ ሕመም ባይኖርም፣ የሚፈሰው ውሃ ጥቂት ቢሆንም፣ በዚያው ቀን ሳይሆን በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ዋና ዋና ነጥቦች

• ውሃ ፈሰሰ ብለው ከጠረጠሩ ምጥን አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።
• ውሃው የፈሰሰበትን ሰዓት፣ ቀለሙንና ሽታውን ያስታውሱ ወይም ይጻፉ።
• በብልት ውስጥ ምንም ነገር አያስገቡ፤ የግብረ ሥጋ ግንኙነትም አያድርጉ።
• ሕክምናው በዋናነት የሚወሰነው በእርግዝናው ሳምንት ነው። አንዳንዷ እናት ቶሎ እንድትወልድ ይደረጋል፤ ሌላዋ ደግሞ በሆስፒታል ክትትል እየተደረገላት ትቆያለች።
• ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ደም መፍሰስ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ አስቸኳይ ምልክቶች ናቸው።

ምን ያህል ያጋጥማል?

ችግሩ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው እርግዝናው 37 ሳምንት ከሞላ በኋላ የሚከሰት ነው። ይህ ከ100 እናቶች በ8ቱ ገደማ ላይ ያጋጥማል። በዚህ ጊዜ ፅንሱ ለመወለድ የደረሰ ስለሆነ ውጤቱ በአብዛኛው ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ከ37 ሳምንት በፊት የሚከሰት ነው። ይህ ከ100 እናቶች በ2 ወይም በ3ቱ ላይ የሚያጋጥም ሲሆን ያለቀናቸው ከሚወለዱ ሕፃናት መካከል ለሲሶ ያህሉ መነሻ ምክንያት ነው። ውሃው ከ37 ሳምንት በፊት ከፈሰሰባቸው እናቶች ቢያንስ ግማሾቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይወልዳሉ። አስቸጋሪውን ውሳኔ የሚጠይቀውም ይህኛው ዓይነት ነው።

ሳምንቱን በትክክል ማወቅ ለምን ያስፈልጋል?

በቤተሰብ ዘንድ እርግዝና የሚቆጠረው በወር ነው፤ ሐኪሞች ግን በሳምንት ይቆጥራሉ። ቆጠራው የሚጀምረው የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ነው። በግምት ሲታይ 7 ወር ማለት 30 ሳምንት አካባቢ፣ 8 ወር ማለት 35 ሳምንት አካባቢ፣ 8 ወር ተኩል ደግሞ 37 ሳምንት ነው። «ስምንተኛ ወሬ ገብቷል» እና «ስምንት ወር ሞልቶኛል» በሚሉት መካከል የአራት ሳምንት ልዩነት አለ። ይህ ልዩነት ሕክምናውን ሙሉ በሙሉ ሊቀይረው ይችላል።

በእርግዝናው መጀመሪያ ወራት የተነሳ አልትራሳውንድ ካለ ሳምንቱን ለማወቅ ከሁሉም የተሻለ መረጃ እሱ ነው። ስለዚህ የክትትል ካርድዎንና የአልትራሳውንድ ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ። የወር አበባዎን ቀን ሲናገሩ በኢትዮጵያ ወይስ በፈረንጆች አቆጣጠር እንደሆነ ይግለጹ። ለሰዓቱም እንዲሁ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩና በአስተርጓሚ የሚነጋገሩ ከሆነ «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ፈሰሰ» ያሉት ቃል በቃል ከተተረጎመ የስድስት ሰዓት ስህተት ይፈጠራል። በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በእነሱ ከሌሊቱ 3 ሰዓት መሆኑን ያረጋግጡ።

«የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ልጅ ግን አያድግም» የሚል አባባል የሚሰሙ ቤተሰቦች አሉ። ይህ እውነት አይደለም። ፅንሱ በማህፀን ውስጥ በጤና በቆየ ቁጥር ሳንባው፣ አንጎሉና አንጀቱ እየጠነከሩ ይሄዳሉ። በስምንት ወር የተወለደ ሕፃን በሰባት ወር ከተወለደው የተሻለ ዕድል አለው።

መንስኤውና አጋላጭ ሁኔታዎች

በብዙ እናቶች ላይ ግልጽ የሆነ ምክንያት አይገኝም። ከሚከተሉት አንዱ ካለ ግን የመከሰት ዕድሉ ይጨምራል፦

• በቀደመ እርግዝና ውሃው ያለጊዜው ፈሶ ወይም ልጅ ያለቀኑ ተወልዶ ከነበረ
• የብልት፣ የማህፀን በር ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ በሽታዎችን ጨምሮ
• በእርግዝናው ወቅት የደም መፍሰስ
• መንታ እርግዝና ወይም ከመጠን በላይ የበዛ የእንሽርት ውሃ
• የማህፀን በር ማጠር ወይም ቀደም ሲል በማህፀን በር ላይ የተደረገ ቀዶ ሕክምና
• ሲጋራ ማጨስ
• የምግብ እጥረትና ከመጠን ያለፈ ክብደት መቀነስ

እነዚህ አንዳቸውም የሌሉባት እናትም ውሃው ሊፈስባት ይችላል። የተለመደ የቤት ሥራ በመሥራቷ፣ ደረጃ በመውጣቷ ወይም በመናደዷ የመጣ አይደለም። «ምን አድርጌ ነው?» እያሉ ራስን መውቀስ፣ ወይም ባልና አማት እናቲቱን መውቀሳቸው፣ ያለ ምክንያት ጭንቀት ከመጨመር ውጭ የሚጠቅመው ነገር የለም።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

ከረጢቱ ሲቀደድ አንዳንዷ እናት ውሃው በድንገት ፍስስ ብሎ ልብሷንና መኝታዋን ያርሰዋል። ሌላዋ ደግሞ ጥቂት በጥቂት የሚንጠባጠብ፣ ስትነሳና ስትንቀሳቀስ የሚጨምር እርጥበት ብቻ ይሰማታል። ውሃው ብዙውን ጊዜ ቀለም የሌለው ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። ትንሽ ደም ቀላቅሎ ሊታይም ይችላል።

ሽንት ነው ወይስ የእንሽርት ውሃ?

በእርግዝና መጨረሻ ወራት ማህፀን ፊኛን ስለሚጫን ሲያስሉ ወይም ሲስቁ ሽንት ማምለጥ የተለመደ ነው። የብልት ፈሳሽም ይጨምራል። ለመለየት የሚከተለውን ያስተውሉ፦

• ሽንት በራሱ ሽታ ይታወቃል። የእንሽርት ውሃ የሽንት ሽታ የለውም።
• የሽንት ማምለጥ ፊኛ ሲባዶ ይቆማል። የእንሽርት ውሃ ሽንት ከሸኑ በኋላም ይፈስሳል፤ ለማቆም ቢሞክሩም አይቆምም።
• የተለመደው የብልት ፈሳሽ ወፈር ያለና ነጣ ያለ ነው። የእንሽርት ውሃ እንደ ውሃ ቀጭን ነው።

ንጹሕ ነጭ ሞዴስ ወይም ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አድርገው ጥቂት ጊዜ ቢቆዩ ቀለሙንና መጠኑን ለማየት ይረዳል። ይህንን ማድረግ የሚችሉት ግን ለመሄድ እየተዘጋጁ ወይም መንገድ ላይ እያሉ ነው። በቤት ውስጥ እርግጠኛ መሆን ስለማይቻል ከተጠራጠሩ ይመርመሩ። ሽንት ሆኖ ተገኝቶ ቢመለሱ የጠፋ ነገር የለም።

ወደ ጤና ተቋም ከመድረስዎ በፊት

1. ሰዓቱን ይያዙ። ኢንፌክሽን የመከሰት ዕድል የሚገመተው ውሃው ከፈሰሰበት ሰዓት ተነስቶ ነው።
2. ሞዴስ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ከውጭ ብቻ ያድርጉ። ወደ ብልት ውስጥ የሚገባ ነገር አይጠቀሙ። ያረጠበውን ሞዴስ ለባለሙያው ለማሳየት ይያዙት።
3. ብልትን በውስጥ በኩል አይታጠቡ። ገንዳ ውስጥም አይዘፈዘፉ።
4. ማንም ሰው «ማህፀኑ ተከፍቶ እንደሆነ ልይ» ብሎ በጣቱ እንዲመረምርዎ አይፍቀዱ። ያለ በቂ ንጽሕና የሚደረግ እያንዳንዱ ምርመራ ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል።
5. ምጥ ያፋጥናል ተብሎ የሚሰጥ ባህላዊ መድኃኒት አይውሰዱ። በቤትዎ የተረፈ አንቲባዮቲክ ካለም በራስዎ አይጀምሩ።
6. የክትትል ካርድዎን፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች፣ የሕፃን ልብስና ብርድ ልብስ ይያዙ። የቤተሰብ አባል አብሮዎት ይሂድ።

እርግዝናው 37 ሳምንት ካልሞላው ከተቻለ ያለቀናቸው የተወለዱ ሕፃናትን የሚያክም ክፍል ወዳለው ሆስፒታል መሄድ ይመረጣል። ሩቅ ከሆነ ግን አቅራቢያዎ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ ሄደው ሪፈራል ይጻፍልዎት፤ የመጀመሪያ ሕክምና እዚያው ሊጀመርልዎት ይችላል። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። በገጠር የሚኖሩ ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የወረዳውን አምቡላንስ እንድትጠራልዎት ያድርጉ። በጤና ጣቢያ አጠገብ ባለ የእናቶች ማቆያ ውስጥ እያሉ ውሃው ከፈሰሰ እዚያው ተኝተው አይጠብቁ። በሌሊትም ቢሆን ለአዋላጇ ወዲያውኑ ይንገሩ።

እትብቱ ከወጣ፦ ውሃው ሲፈስ እትብቱ ወደ ብልት ወጥቶ ከታየ ወይም የሚንጠለጠል ገመድ መሰል ነገር ከተሰማዎት የፅንሱ ሕይወት በደቂቃዎች ውስጥ አደጋ ላይ ይወድቃል። አምቡላንስ እስኪመጣ በጉልበትዎና በክንድዎ ተደግፈው፣ ደረትዎን ወደ መሬት ዝቅ፣ መቀመጫዎን ወደ ላይ ከፍ አድርገው ይቆዩ። በመኪና ሲጓዙ በጎንዎ ተኝተው ከዳሌዎ ሥር ትራስ ያድርጉ። እትብቱን አይጎትቱ፣ ወደ ውስጥም ለመመለስ አይሞክሩ።

በጤና ተቋም የሚደረግ ምርመራ

ባለሙያው መጀመሪያ ውሃው መቼና እንዴት እንደፈሰሰ ይጠይቃል። የሰውነት ሙቀት፣ የደም ግፊት፣ የእናቲቱና የፅንሱ የልብ ምት ይለካሉ።

ቀጥሎ ንጹሕ በሆነ የማህፀን መመልከቻ መሣሪያ ውሃው ከማህፀን በር ሲወጣ ወይም በብልት ውስጥ ተጠራቅሞ መኖሩ ይታያል። ይህ ዋነኛው ማረጋገጫ ነው። ካልተረጋገጠ ፈሳሹ በልዩ ወረቀት ይመረመራል። ብልት በተፈጥሮው አሲድነት ያለው ሲሆን የእንሽርት ውሃ ግን አሲድነቱ ያነሰ ስለሆነ የወረቀቱን ቀለም ወደ ሰማያዊ ይቀይረዋል። ደም ወይም የወንድ ዘር ፈሳሽ ካለ ውጤቱ ሊሳሳት ይችላል፤ ስለዚህ በቅርቡ ግንኙነት ተደርጎ ከሆነ ሳያፍሩ ይናገሩ። ጠብታው በመስታወት ላይ ደርቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ፈርን ቅጠል ያለ ቅርጽ መያዙም ሌላው ማረጋገጫ ነው።

በአልትራሳውንድ የቀረው ውሃ መጠን፣ የፅንሱ አቀማመጥና ዕድገት ይታያል። ለኢንፌክሽን የደምና የሽንት ምርመራ ይደረጋል።

ምጥ ካልጀመረ በስተቀር ባለሙያው በጣት ከመመርመር ይቆጠባል። «አልመረመሩኝም» ብለው አይዘኑ፤ ይህ የሚደረገው ለእርስዎና ለልጅዎ ደኅንነት ነው።

ሕክምናው በእርግዝናው ሳምንት ሲታይ

በእያንዳንዱ ደረጃ ሐኪሙ ሁለት አደጋዎችን ያመዛዝናል። አንደኛው ልጁ ቶሎ ቢወለድ ያለመብሰሉ የሚያመጣው ችግር ነው። ሁለተኛው በማህፀን ቢቆይ የሚመጣው ኢንፌክሽን ነው።

37 ሳምንትና ከዚያ በላይ

ልጁ ለመወለድ ስለደረሰ መጠበቅ የሚያስገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እናቶች በ24 ሰዓት ውስጥ በራሳቸው ምጥ ይጀምራቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ምጥ በመድኃኒት እንዲጀመር ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመና ከ5 ሺህ በላይ እናቶች የተሳተፉበት ጥናት ምጥን በኦክሲቶሲን ወዲያው ማስጀመር ከመጠበቅ ጋር ሲነጻጸር በእናቶች ላይ የሚደርሰውን የማህፀን ኢንፌክሽን እንደሚቀንስ፣ በኦፕራሲዮን የመውለድን ዕድል ግን እንደማይጨምር አሳይቷል። «የምጥ መርፌ ከተሰጠ በኦፕራሲዮን መውለድ አይቀርም» የሚለው ስጋት በዚህ ሁኔታ ላይ አይሠራም።

ከ34 ሳምንት እስከ 36 ሳምንት ከ6 ቀን

በዚህ ጊዜ ሁለቱም አማራጮች ይሠራባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና በ11 አገሮች 1839 እናቶችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው ወዲያው ማዋለድ የሕፃኑን ኢንፌክሽን አልቀነሰም፤ ወዲያው የተወለዱት ሕፃናት የመተንፈስ ችግር በዛባቸው፣ በኦፕራሲዮን መውለድም ጨመረ። በሌላ በኩል በመጠበቅ ላይ የነበሩት እናቶች ደም መፍሰስና ትኩሳት በዝቶባቸዋል። ስለዚህ ውሳኔው የእናቲቱን ሁኔታ፣ ሆስፒታሉ ሊያደርግ የሚችለውን ክትትልና ለሕፃኑ ያለውን አገልግሎት ይመለከታል። በቅርብ መከታተል በማይቻልበት ቦታ ከ34 ሳምንት በኋላ ማዋለድ ሊመረጥ ይችላል። ለምን አንዱ እንደተመረጠ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ከ24 ሳምንት እስከ 33 ሳምንት ከ6 ቀን

ኢንፌክሽን፣ ደም መፍሰስ ወይም የፅንስ መታፈን ከሌለ እናቲቱ ሆስፒታል ተኝታ እርግዝናው እንዲቀጥል ይደረጋል። ብዙ ቤተሰቦችን ግራ የሚያጋባው ይህ ጊዜ ነው፤ «ውሃው አልቆ ለምን አያዋልዷትም?» ይላሉ። ግን በዚህ ሳምንት መቆየት ራሱ ሕክምና ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ለሳንባው ዕድገት ይጠቅማል። ፅንሱ ሽንት ስለሚሸና ውሃውም በየቀኑ ይተካል፤ የፈሰሰው ሁሉ አይተካም እንጂ ማህፀኑ ሙሉ በሙሉ ደርቆ አይቀርም።

ከ24 ሳምንት በፊት

ይህ ከሁሉም የከበደው ሁኔታ ነው። ሳንባ የሚያድገው በእንሽርት ውሃ እርዳታ ስለሆነ ውሃው ቀደም ብሎ ካለቀ ሕፃኑ በሕይወት ቢወለድም መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። የእጅና የእግር መጣመምም ሊከሰት ይችላል። ለእናቲቱም የከባድ ኢንፌክሽን አደጋ አለ። ሐኪሙ ዕድሉን በግልጽ ካስረዳ በኋላ እርግዝናውን በክትትል መቀጠል ወይም ማቋረጥ በእናቲቱ ፍላጎት ይወሰናል። ውሃው የፈሰሰው የእንሽርት ውሃ ናሙና በመርፌ ከተወሰደ በኋላ ከሆነ ግን ቀዳዳው ብዙ ጊዜ በራሱ ስለሚዘጋ ተስፋው የተሻለ ነው።

በማንኛውም ሳምንት መጠበቅ የማይፈቀድበት ሁኔታ

የማህፀን ኢንፌክሽን፣ የእንግዴ ልጁ ያለጊዜው መላቀቅ፣ የፅንሱ የልብ ምት መዛባት ወይም የእትብት መውጣት ካለ ሳምንቱ ምንም ይሁን ምን ማዋለድ ያስፈልጋል።

የሚሰጡ መድኃኒቶች

አንቲባዮቲክ፦ ከ37 ሳምንት በፊት ውሃው ሲፈስ ኢንፌክሽን ባይታይም ይሰጣል። ኢንፌክሽንን ይከላከላል፣ ምጡንም ለጥቂት ቀናት ሊያዘገይ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ኤሪትሮማይሲን 250 ሚሊግራም በቀን አራት ጊዜ ለ10 ቀናት ነው። በብዙ ሆስፒታሎች ደግሞ መጀመሪያ አምፒሲሊን በደም ሥር ተሰጥቶ በአፍ በሚወሰድ አሞክሲሲሊን ለ7 ቀናት ይሟላል፤ ኤሪትሮማይሲን ወይም አዚትሮማይሲንም ይጨመርበታል። ኦግመንቲን ተብሎ የሚታወቀው መድኃኒት ግን ያለቀናቸው በሚወለዱ ሕፃናት ላይ ከባድ የአንጀት ሕመም ስለሚያመጣ ለዚህ ችግር አይመከርም። የፔኒሲሊን አለርጂ ካለብዎት አስቀድመው ይናገሩ።

የሳንባ ማጠንከሪያ መርፌ፦ ዴክሳሜታሶን ወይም ቤታሜታሶን ይባላል። ከ34 ሳምንት በፊት ለመውለድ ለተቃረበችና ኢንፌክሽን ለሌለባት እናት ይሰጣል። ዴክሳሜታሶን 6 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ በጡንቻ ይወጋል። የሕፃኑን የመተንፈስ ችግር፣ የአንጎል ደም መፍሰስና ሞት ይቀንሳል። የስኳር ሕመም ካለብዎት ስኳርዎ ለጥቂት ቀናት ስለሚጨምር በቅርብ ይለካል።

ማግኒዥየም ሰልፌት፦ ከ32 ሳምንት በፊት ወሊዱ ሲቃረብ የሕፃኑን አንጎል ለመጠበቅ ይሰጣል። በሚሰጥበት ጊዜ የሙቀት ስሜትና ላብ የተለመደ ነው።

ኤችአይቪ በደምዎ ካለ መድኃኒትዎን ሳያቋርጡ ይውሰዱ፤ ለአዋላጇም እንደገቡ ይንገሩ። ከ37 ሳምንት በኋላ ከሆነ ወሊዱ እንዲፋጠን ይደረጋል።

በሆስፒታል ቆይታ

የሰውነት ሙቀትና የልብ ምት በቀን ብዙ ጊዜ ይለካል። የፅንሱ የልብ ምት ይታያል። የደም ምርመራና አልትራሳውንድ በየጊዜው ይደረጋሉ።

ከአልጋ ፈጽሞ አለመነሳት የሚሰጠው ጥቅም አልተረጋገጠም። ለረጅም ጊዜ ያለ እንቅስቃሴ መተኛት በእግር ሥር ደም እንዲረጋ ስለሚያደርግ ሐኪሙ ካልከለከለ ወደ መጸዳጃ ቤት ይሂዱ፣ እግርዎን ያንቀሳቅሱ። ሞዴስዎን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ፤ ከመጣልዎ በፊት ቀለሙን ይመልከቱ። ከተጸዳዱ በኋላ ከፊት ወደ ኋላ ይጥረጉ። የፅንሱን እንቅስቃሴ በየቀኑ ያስተውሉ። ብዙ ውሃ መጠጣት ለጤናዎ ጥሩ ነው፤ የተቀደደውን ከረጢት ግን አይጠግንም።

ቤተሰብ በዚህ ጊዜ የሚረዳው ምግብ በማምጣት ብቻ አይደለም። ሌሎች ልጆች ማን ጋር እንደሚቆዩ ማመቻቸት፣ ደም ሊለግስ የሚችል ሰው ማዘጋጀትና እናቲቱ «ቤቴን ጥዬ» ብላ ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳትወጣ ማበረታታት ሕይወት ያድናል። ጸሎትና ጸበልም ከሕክምናው ጎን ለጎን ይሁን እንጂ ጉዞውን አያዘግየው።

አስቸኳይ ምልክቶች

የሚከተሉት ከታዩ ባለሙያ በአስቸኳይ ይጥሩ። ቤት ከሆኑ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፦

• 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት
• መጥፎ ሽታ ያለው ወይም መግል የሚመስል ፈሳሽ
• አረንጓዴ ወይም ቡናማ ውሃ፤ ይህ ፅንሱ በማህፀን ውስጥ እያለ መጸዳዳቱን ያሳያል
• ከብልት ደም መፍሰስ
• ሲነካ የሚያም ወይም ጠጥሮ የማይለቅ ሆድ
• የልብ ምት መፍጠን፣ ራስ መሳት
• የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ወይም መቆም
• መደበኛ የምጥ ሕመም

ወሊዱና ከወሊድ በኋላ

ውሃው ያለጊዜው መፍሰሱ ብቻውን ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም። ሕፃኑ በጭንቅላቱ ከተቀመጠና ሌላ ምክንያት ከሌለ በምጥ መውለድ ይቻላል።

ያለቀኑ የተወለደ ሕፃን የመተንፈስ፣ የሙቀትና የመጥባት እርዳታ ሊያስፈልገው ይችላል። በእናት ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አጣብቆ መያዝ፣ ማለትም የካንጋሮ እንክብካቤ፣ የትናንሽ ሕፃናትን ሞት እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይደረጋል። አባትና አያትም ተራ በተራ ሊይዙት ይችላሉ። መጥባት ካልቻለ የእናት ጡት ወተት ታልቦ በጽዋ ወይም በቱቦ ይሰጠዋል።

ሕፃኑ ጡት እምቢ ካለ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ካቃሰተ፣ ከተዝለፈለፈ፣ ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ይታከም። እናቲቱም ትኩሳት፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ የታችኛው ሆድ ሕመም ወይም ብዙ ደም ካላት ሳትዘገይ ትመለስ።

በሚቀጥለው እርግዝና

አንድ ጊዜ ያጋጠማት እናት እንደገና የማጋጠሙ ዕድል ከሌሎች ይበልጣል፤ ሆኖም ብዙዎቹ ቀጣዩን ልጅ በጊዜው ይወልዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ እንደገና እስኪያረግዙ ቢያንስ 2 ዓመት እንዲቆዩ ይመክራል። ሲያረግዙ በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ክትትል ይጀምሩና ከዚህ በፊት የደረሰብዎትን በመጀመሪያው ቀን ይንገሩ። የሽንት ቧንቧና የብልት ኢንፌክሽን ቶሎ ይታከም። የሚያጨሱ ከሆነ ያቁሙ፤ በቤት ውስጥም አይጨስ። የማህፀን በር ርዝመት በአልትራሳውንድ ተለክቶ አጥሮ ከተገኘ ሐኪሙ ፕሮጄስትሮን ወይም ሌላ መከላከያ ሊያዝ ይችላል።

ሐኪምዎን የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

• ዛሬ እርግዝናዬ ስንት ሳምንት ከስንት ቀን ነው? በምን ተሰልቶ?
• የሚፈሰው የእንሽርት ውሃ መሆኑ ተረጋግጧል?
• ልውለድ ወይስ ልጠብቅ? ምክንያቱ ምንድን ነው? የምንጠብቀው እስከ መቼ ነው?
• የሳንባ ማጠንከሪያ መርፌ ያስፈልገኛል? ስንት ቀረኝ?
• ልጄ ዛሬ ቢወለድ እዚህ ሊታከም ይችላል ወይስ ሌላ ሆስፒታል ልሂድ?
• ሌሊት ምልክት ቢታይብኝ ማንን ልጥራ?

የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ሆስፒታል በገቡበት ቀን ይጠይቁ። ሕፃኑን የሚያክም ክፍል ከሌለ ከወለዱ በኋላ ሕፃኑን ይዞ ከመሮጥ፣ እሱ በማህፀን እያለ እናቲቱ ወደዚያ ሆስፒታል ብትዘዋወር ለሕፃኑ የተሻለ ነው።